ፊልምን በእጅ ማስረጀት፦ ጭረት ምን ይመሰክራል?

አሮጌ ፊልም ምን ይመስላል ተብሎ ቢጠየቅ የብዙ ሰው መልስ ተመሳሳይ ነው። ጥቁርና ነጭ ምስል፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች፣ ብልጭ ድርግም የሚሉ ነጠብጣቦች፣ የሚንቀጠቀጥ ሥዕል፣ ጥድፍ ጥድፍ እያሉ የሚራመዱ ሰዎች። እነዚህን ምልክቶች ስናይ ማንም ሳይነግረን ዘመኑ ሩቅ መሆኑን እንቀበላለን፤ ከዚያም አልፈን የምናየው ነገር በእርግጥ የተፈጸመ ነው ብለን እናምናለን። ይህ እምነት በደካማ መሠረት ላይ የቆመ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ጭረት ስለ ፊልሙ ዕድሜ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። የሚመሰክረው ፊልሙ በስንት ማሽን ውስጥ እንዳለፈ፣ በስንት እጅ እንደተያዘ፣ ማን እንደተጠነቀቀለትና ማን ቸል እንዳለው ነው። ይህን ጠንቅቀው ካወቁት መካከል ደግሞ አዲስ ፊልም በገዛ እጃቸው ቧጭረው አሮጌ ያስመሰሉ ባለሙያዎች ይገኙበታል። ሥራቸው ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ወይም እንደ ማጭበርበር ይወራል። በቅርብ ለመረመረው ግን ፊልም እንዴት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚጎዳ የሚያስተምር እውነተኛ የሙያ ታሪክ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የምጽፋቸው ቀናትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ለመረዳት ከፊልሙ አካል መነሳት ያስፈልጋል። የሲኒማ ፊልም ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ምስሉን የሚሸከመው ግልጽ መደብ ነው፤ ይህ እስከ 1950ዎቹ መግቢያ ድረስ በአብዛኛው ከናይትሬት፣ ከዚያም ከአሲቴት፣ በኋላ ደግሞ ከፖሊስተር ሲሠራ ቆይቷል። ሁለተኛው በመደቡ አንድ ፊት ላይ የተለቀለቀ ስስ የጀላቲን ሽፋን ሲሆን ምስሉ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ካሜራ ውስጥ የገባው ፊልም ታጥቦ ኔጋቲቭ ይሆናል፤ ለሲኒማ ቤት የሚላከው ኮፒ ከእሱ ላይ ይታተማል። ጭረቱ በየትኛው ፊልምና በየትኛው ፊት ላይ እንዳረፈ ታዲያ መጋረጃው ላይ ይታወቃል። የኮፒው ጀላቲን ከተፋቀ ብርሃኑ ያለ ከልካይ ስለሚያልፍ ነጭ መስመር ይወጣል፤ የኮፒው መደብ ከተጫረ ግን ጭረቱ ብርሃኑን ስለሚበትነው መስመሩ ጥቁር ነው። ኔጋቲቩ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ጀላቲኑ ሲፋቅ ኮፒው ላይ ጥቁር መስመር፣ መደቡ ሲጫር ወይም አቧራ ሲያርፍበት ነጭ መስመርና ነጭ ነጥብ ይታያል። ባለቀለም ኮፒ ላይ የጭረቱ ጥልቀት ራሱ በቀለም ይነበባል። ቀለሞቹ በንብርብር የተቀመጡ ስለሆኑ ላይ ላዩን የተጫረው አረንጓዴ፣ ጠለቅ ያለው ቢጫ፣ እስከ መደቡ የዘለቀው ነጭ ሆኖ ይወጣል። አንድ ባለሙያ መጋረጃው ላይ የሚታየውን መስመር አይቶ ጉዳቱ የደረሰው በላቦራቶሪ ይሁን በሲኒማ ቤት መገመት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድም የራሱ ሥርዓት አለው። ድምፅ ከመጣ ወዲህ ፊልም በፕሮጀክተሩ ውስጥ ከላይ ወደ ታች በሴኮንድ 24 ፍሬም እየሮጠ ያልፋል። በመንገዱ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም የደረቀ ጀላቲን ፍርፋሪ ብትቀመጥ ፊልሙን በርዝመቱ እየሰነጠቀች ትቆያለች። ስለዚህ ከአገልግሎት የመጣ ጭረት በአብዛኛው ቁልቁል የሚወርድ ነው፤ አግድም ወይም ሰያፍ የሆነው የወደቀ፣ የተረገጠ ወይም ጠረጴዛ ላይ የተጎተተ ፊልም ምልክት ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ የ1,000 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ ያህል ይታያል። የጥቅሉ መጀመሪያ በሠራተኛው እጅ እየተጎተተ ማሽኑ ውስጥ የሚገባ፣ መጨረሻውም ተወንጭፎ የሚወጣ በመሆኑ ጉዳቱ በሁለቱ ጫፎች ይበረታል፤ መሃሉ ንጹሕ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ፊልም ሲበጠስ የተጎዱት ፍሬሞች ተቆርጠው ቀሪው ይቀጠላል፤ በዚያ ቦታ ምስሉ ይዘልላል። እነዚህ ሁሉ ከሥራ የመጡ ናቸው። ዕድሜ የሚመጣው በሌላ በር ነው። ናይትሬት ሲያረጅ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጀላቲኑ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም ፊልሙ ቡናማ ዱቄት ይሆናል። አሲቴት እየተሸበሸበና እያጠረ ሄዶ የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል። በእጅ ብዛት ጠርዙ የጠቆረ የብራና ዳዊት የደጋሚውን ትጋት እንጂ የተጻፈበትን ዘመን እንደማይናገር ሁሉ፣ በጭረት የተሞላ ኮፒም ብዙ መታየቱን ብቻ ነው የሚነግረን። በቆርቆሮው ውስጥ በደህና ቦታ ተዘግቶ 80 ዓመት የቆየ ኔጋቲቭ አንድም ጭረት ላይኖርበት ይችላል፤ በየከተማው ሲዞር የከረመ ኮፒ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ተቦጫጭሮ ያልቃል።

በዚህ እውቀት ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ስሙ የገነነው በ1941 የወጣው የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ነው። ፊልሙ እንደተጀመረ ባለጸጋው የጋዜጣ ባለቤት ቻርልስ ፎስተር ኬን ይሞታል፤ ወዲያው «ኒውስ ኦን ዘ ማርች» የተባለ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የዜና ፊልም ሕይወቱን ይተርካል። በዚያ ዘመን ሰው ዜናን በዓይኑ የሚያየው ሲኒማ ቤት ሄዶ ነበርና ተመልካቹ የዜና ፊልም መልክ በደንብ ያውቅ ነበር፤ በተለይም ከ1935 ጀምሮ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ይታይ የነበረውን «ዘ ማርች ኦቭ ታይም»ን። ዌልስ የቀዳው ይህንን ነው። ችግሩ የካሜራ ባለሙያው ግሬግ ቶላንድ ያነሳው ምስል ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት ያለ፣ በዚያ ዘመን ሆሊውድ ከሚሠራው ሁሉ የነጠረ መሆኑ ነበር። በዚህ ጥራት የተነሳ ፊልም የሃያና የአርባ ዓመት ታሪክ ነው ቢባል ማንም አያምንም። ስለዚህ የፊልሙ አርታኢ ሮበርት ዋይዝና ረዳቱ ማርክ ሮብሰን የታተመውን ፊልም ወለል ላይ ጎተቱት፤ አሸዋ በተሞላ ስስ የአይብ ማጥለያ ጨርቅ መሃልም እየሳቡ አሳለፉት። ዋይዝ ኋላ «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ»ን ያዘጋጀው ሰው ነው፤ ያኔ ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የአርትዖት ክፍል ባለሙያ ነበር። የአሸዋው ዘዴ ብልኅነት የሚገባን ከላይ ያልነውን ስናስታውስ ነው። በአሸዋ መሃል በርዝመቱ የሚሳብ ፊልም በፕሮጀክተር ውስጥ ከሚሮጥ ፊልም ጋር አንድ ዓይነት ጉዳት ያገኘዋል፤ ጭረቱ ቁልቁል ይወርዳል፣ አንዱ ሲቆም ሌላው ይጀምራል፣ የትኛውም ከየትኛው ጋር እኩል አይሆንም። ዋይዝና ሮብሰን የፕሮጀክተሩን የብዙ ወራት ሥራ በአጭር ጊዜ አጠናቀውታል ማለት ይቻላል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ጉዳቱን ያከፋፈሉበት ጥንቃቄ ነው። የኬን የአደባባይ ሕይወት ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ እስከ 1941 የሚዘረጋ በመሆኑ የዜና ፊልሙ ከብዙ ዘመን ቁርጥራጮች የተሰበሰበ መምሰል ነበረበት። ድምፅ አልባው ዘመን ነው የተባለው ክፍል በፍጥነት ይሮጣል፣ ይበልጥም ተቧጭሯል፤ ወደ ኬን የመጨረሻ ዓመታት ስንቀርብ ምስሉ እየጠራ ይመጣል፤ ሽማግሌው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚታይበት ቁርጥራጭ ደግሞ አጥር ተሻግሮ በስርቆሽ የተነሳ ይመስል ካሜራው ይናወጣል። እያንዳንዱ ቁርጥራጭ የራሱ ምንጭ፣ የራሱ ካሜራና የራሱ ዕጣ እንደነበረው እንዲታመን ተደርጓል። አንድ ሊነሳ የሚችል ጥያቄ አለ፦ እውነተኛውን የዜና ፊልም በሐሰት መቅዳት የዜናን ክብር አያዋርድም ወይ? የተቀዳው ራሱ ንጹሕ አልነበረም። «ዘ ማርች ኦቭ ታይም» ካሜራ ያልደረሰባቸውን ክስተቶች በተዋናዮች አስመስሎ እየሠራ ከእውነተኛው ምስል ጋር ቀላቅሎ ያሳይ እንደነበር የታወቀ ነው። እንግዲህ በ1930ዎቹ ሲኒማ ቤት ገብቶ የዜና ፊልም ያየ ሰው በየመሃሉ ትወና ያይ ነበር ማለት ነው። ጭረት የእውነት ማኅተም ሆኖ አያውቅም፤ ዌልስና ዋይዝም ያፈረሱት ማኅተም የለም።

ሙያው በጭረት ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ1966 ጂሎ ፖንቴኮርቮ ያዘጋጀውን «የአልጀርስ ጦርነት» ብንመለከት በእጅ የተቧጨረ ፊልም ሳይኖር የዜና ፊልምን መልክ እንዴት ማምጣት እንደሚቻል እናያለን። ፊልሙ አልጄሪያውያን በፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች ላይ ያካሄዱትን የከተማ ትግል የሚተርክ ሲሆን የተነሳው ነጻነት በተገኘ በሦስተኛው ዓመት፣ ትግሉ በተካሄደባቸው በአልጀርሱ የካስባህ ሰፈር ጠባብ መንገዶች ነው። ከታጋዮቹ መሪዎች አንዱ የነበረው ያሲፍ ሳዲ ራሱ ተውኖበታል። ፖንቴኮርቮና የካሜራ ባለሙያው ማርቼሎ ጋቲ የሚፈልጉት በጦር ሜዳ ዘጋቢ ተነስቶ፣ ተቀድቶ፣ ተልኮ፣ ደግሞ ተቀድቶ ሕዝብ ዘንድ የደረሰ የሚመስል ምስል ነበር። ስለዚህ ከኔጋቲቩ ኮፒ አተሙ፣ ከኮፒው ላይ ሌላ ኔጋቲቭ ሠሩ፣ ለሲኒማ ቤት የሚሆነውንም ከዚህ ሁለተኛ ኔጋቲቭ ላይ አወጡ። ፊልም በተቀዳ ቁጥር ቅንጣቱ ይጎላል፣ ጥቁሩና ነጩ ይራራቃል፣ መሃል ያለው ግራጫ ይጠፋል። ውጤቱ እጅግ ከማሳመኑ የተነሳ በአሜሪካ ሲታይ ከዜና ፊልም የተወሰደ አንዲት ጫማ እንኳ እንደሌለበት የሚገልጽ ማስታወቂያ ታክሎበታል። ይህ ማስታወቂያ ለክርክሬ ዋና ማስረጃ ነው። ሠሪዎቹ ተመልካቹን ለማታለል አልፈለጉም፤ ትግሉ የተመዘገበበትን መንገድ መልክ ወሰዱ፣ የወሰዱትንም በግልጽ ተናገሩ። አፍሪካዊ ተመልካች ዛሬም ፊልሙን ሲያይ ልቡ የሚመታው ስለተታለለ አይደለም፤ በቅኝ ገዥው ካሜራ ብቻ ሲታይ የኖረ ትግል በታጋዮቹ ወገን ሆኖ በዚያው በዘመኑ መልክ ስለቀረበለት ነው።

በእጅ የማስረጀት ሙያ ጣሪያው ላይ የደረሰው በ1983 በወጣው የዉዲ አለን «ዜሊግ» ይመስለኛል። ፊልሙ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ኖሯል የተባለ፣ አጠገቡ ያለውን ሰው ሁሉ እየመሰለ የሚለዋወጥ ሰው ታሪክ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እንደ ዘጋቢ ፊልም የተሠራና እውነተኛ የዘመኑ ቁርጥራጮችም ያሉበት። የካሜራ ባለሙያው ጎርደን ዊሊስ፣ «ዘ ጎድፋዘር»ን ያነሳው ሰው፣ አዲስ ያነሳው ምስል ከእውነተኛው ቁርጥራጭ ጎን ሲቀመጥ ስፌቱ እንዳይታይ ማድረግ ነበረበት። ይህ ሲቲዝን ኬንን ከሠሩት ሰዎች ፈተና የከበደ ነው፤ እነዚያ ያስረጁት ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ክፍል ብቻ ነበር። ዊሊስ ከዘመኑ የቀሩ ሌንሶችን ፈልጎ ተጠቀመ፣ የመብራቱን አጣጣል እንደዚያ ዘመን አደረገ፣ የእያንዳንዱን ቁርጥራጭ ቅንጣትና ድምቀት ለየብቻ አመሳሰለ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ጭረት የመጣው፤ ፊልሙን መታጠቢያ ቤት አስገብተው ወለሉ ላይ በእግራቸው እንደረገጡት ይተረካል። ሰዎች ይህን የመታጠቢያ ቤት ታሪክ እያነሱ ይስቃሉ፤ ቀዳሚውን ድካም ግን ይረሱታል። በተሳሳተ ሌንስ የተነሳና በተሳሳተ መብራት የደመቀ ምስል ለሳምንት ቢረገጥ የ1920ዎቹን አይመስልም። ለምሳሌ እስከዚያ ዘመን አጋማሽ ድረስ በስፋት ይሠራበት የነበረው ፊልም ቀይ ቀለምን አያይም ነበር፤ ቀይ ከንፈር ጥቁር፣ ሰማያዊ ሰማይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሲሠራ ጭረቱ የመጨረሻው ማሳረጊያ ነው። ዊሊስ በዚህ ሥራው ለኦስካር ታጭቷል፤ ቢያሸንፍም የሚበዛበት አልነበረም።

የዚህ ሙያ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ሙያም አለ፤ ፊልምን ለሥዕል ብለው የሚጭሩ ሰዎች ሙያ። ኒውዚላንዳዊው ሌን ላይ በ1958 ለሕዝብ ባቀረበው «ፍሪ ራዲካልስ» ጥቁር ፊልም በሹል መሣሪያ እየፋቀ በከበሮ ምት የሚደንሱ ነጫጭ መስመሮችን ፈጥሯል። አሜሪካዊው ስታን ብራኬጅም በፊልም ላይ ብዙ ቧጭሯል። በ1995 የወጣው «ሰቨን» መክፈቻ ላይ የሠራተኞቹ ስም በእጅ ፊልም ላይ እንደተጫረ ሆኖ የሚታየው ከዚህ ወገን የመጣ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ግን ጭረት ያለፈ ጊዜን አይወክልም፤ የሠዓሊው መስመር ነውና ለእኛ ክርክር ብዙ አያክልም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። አዲሱን አሮጌ ማስመሰል ሐሰት ነው፤ ሐሰትን በጥበብ መሥራት ደግሞ ሐሰቱን ያከፋዋል የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። በጥቅምት 1995 ፒተር ጃክሰንና ኮስታ ቦቴስ «ፎርጎተን ሲልቨር» የተባለ ሥራ በኒውዚላንድ ቴሌቪዥን አሳዩ። ኮሊን ማኬንዚ የተባለ የተረሳ የፊልም ፈር ቀዳጅ ሥራዎች ተገኙ ብለው፣ በእጃቸው ያስረጁትን ፊልም እንደ ቅርስ አቀረቡ፤ ተዋናዩ ሳም ኒልና የፊልም ታሪክ ጸሐፊው ሌናርድ ማልቲን እንኳ ወጥተው መሰከሩ። ማኬንዚ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም። ብዙ ተመልካች አምኖ ኮርቶበት ስለነበር እውነቱ ሲወጣ የተቆጣው ጥቂት አልነበረም። ቁጣቸው ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ሥራው በእጅ ጥበብ ረገድ ድንቅ ቢሆንም አገራዊ ኩራትን በሐሰት ቀስቅሶ መልሶ መንጠቅ ቀላል ነገር አይደለም። በ1991 የወጣው የኦሊቨር ስቶን «ጄኤፍኬ» ደግሞ የከፋ ጥያቄ ያስነሳል። የካሜራ ባለሙያው ሮበርት ሪቻርድሰን ኦስካር ባሸነፈበት በዚህ ፊልም የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ላይ ኅዳር 22 ቀን 1963 የተነሳው እውነተኛው የዛፕሩደር ፊልም፣ በተለያየ መጠንና በጥቁርና ነጭ ፊልም እንደገና ከተተወነ ትዕይንት ጋር በጥድፊያ ይፈራረቃል። ተመልካቹ የትኛው ማስረጃ፣ የትኛው የአዘጋጁ ግምት እንደሆነ ለመለየት ጊዜ አያገኝም። ነገር ግን በሁለቱም ላይ ጥፋቱ ያለው ከፊልሙ መጎዳት ላይ አይደለም። አንደኛው ልብ ወለዱን እውነት ብሎ ጠራው፣ ሁለተኛው ግምቱን ከሰነድ መሃል አስቀመጠው። ሲቲዝን ኬን ውስጥ የምናየው ሰው የታወቀ ልብ ወለድ ነው፤ «የአልጀርስ ጦርነት» ራሱን አስታወቀ፤ «ዜሊግ» ሊኖር በማይችል ሰው ላይ ተመሥርቷል። ያው የማስረጀት ሙያ በሦስቱ ዘንድ አላጠፋም። መለያው ተመልካቹ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ማወቁ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል፦ አሮጌ ፊልሞች በእርግጥ የተቧጨሩ አይደሉም ወይ፣ ታዲያ ያንን መምሰል ምን ስህተት አለው? አዎን፣ ወደ እኛ የደረሱት ብዙዎቹ የተቧጨሩ ናቸው፤ ምክንያቱ ግን መርምረን የምናገኘው ታሪክ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያወጣው የዴቪድ ፒርስ ጥናት እንደሚለው በአሜሪካ ከተሠሩት 10,919 ድምፅ አልባ ሙሉ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያው የ35 ሚሊ ሜትር ቅርጻቸው የቀሩት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ከቀሩት ውስጥም ብዙዎቹ ያለ ቁጠባ የታዩ ኮፒዎች ወይም የኮፒ ኮፒዎች ናቸው። በዚያ ላይ በእጅ በሚዞር ካሜራ በሴኮንድ 16 ወይም 18 ፍሬም የተነሳው ምስል በ24 ሲታይ ሰው ሁሉ የሚሮጥ ይመስላል። የዘመኑ ተመልካች ግን አዲሱን ኮፒ በተገቢው ፍጥነት ሲያይ የነበረው እጅግ የጠራ ምስል ነው። ይህን ለዓለም ለማሳየት ሕይወቱን የሰጠው እንግሊዛዊው ኬቨን ብራውንሎው ነው፤ የአቤል ጋንስን «ናፖሊዮን» መልሶ ያቆመውና በ2010 የክብር ኦስካር የተሰጠው። ይኸው ብራውንሎው ገና በወጣትነቱ ከአንድሩ ሞሎ ጋር በሠራው «ኢት ሃፕንድ ሂር» ውስጥ ናዚዎች እንግሊዝን ቢይዙ ኖሮ ይታይ የነበረ የዜና ፊልም አስመስሎ ፈጥሯል። ጃክሰንም እንዲሁ ነው። በ1995 አዲስ ፊልም ያስረጀው ሰው በ2018 «ዘይ ሻል ኖት ግሮው ኦልድ» በተባለው ሥራው ከብሪታንያ የጦርነት ሙዚየም የተገኘውን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊልም ጭረቱን አንስቶ፣ ፍጥነቱን አስተካክሎ፣ ቀለም ጨምሮ አሳየ። ቀለም መጨመሩን አልደግፍም፤ በሰነድ ላይ ያልነበረ ነገር መጻፍ ነውና። ፍጥነቱ ሲስተካከልና ጭረቱ ሲነሳ ግን ወታደሮቹ እንደ ሰው ተራመዱ፣ ፊታቸውም ተነበበ። ሁለቱ ሰዎች በማስረጀትም በማደስም የተካኑት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ጉዳቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው መጨመሩንም ማንሳቱንም ይችላል፤ ሁለቱም አንድ እውቀት ይፈልጋሉ።

ዛሬ ይህ እውቀት እየሳሳ ነው። በኮምፒውተር አርትዖት ሲሠራ ማንም ሰው የተዘጋጀ የጭረት ንብርብር አውርዶ በምስሉ ላይ ይጭናል። መሣሪያውን አልነቅፍም፤ ዋናው ቅጂ ሳይነካ ይቀራል፣ ያልተወደደው ይሰረዛል፣ ወጪውም ቀላል ነው፤ ሮበርት ሮድሪገዝ በ2007 «ፕላኔት ቴረር»ን በዚህ መንገድ አስረጅቶ ግሩም አድርጎ ሠርቶታል። ችግሩ የሚመጣው ጭረቱ ከምክንያቱ ሲለይ ነው። በብዙ ሥራዎች ላይ ያው መስመር በየጥቂት ሴኮንዱ ይመለሳል። ከተለያየ ዘመንና ቦታ የመጡ ናቸው የተባሉ ቁርጥራጮች ሁሉ አንድ ዓይነት ጉዳት ይዘው ይቀርባሉ። በቪዲዮ የተነሳ የ1980ዎቹ ምስል ላይ ቪዲዮ ሊኖረው የማይችል የፊልም ጭረት ይወርዳል። ዋይዝ አሸዋውን ሲመርጥ ፊልሙ ምን ደርሶበት ሊሆን እንደሚችል ጠይቆ ነበር፤ ንብርብሩን የሚጭነው ሰው ግን ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አይገደድም። ጥያቄው ሲጠፋ ጭረት ባዶ ጌጥ ይሆናል፤ ከጌጥነት አልፎም ተመልካቹን ጭረት ያለበትን ሁሉ እንዲያምን፣ የጠራውን ሁሉ እንዲጠራጠር ያስለምደዋል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በፊልም የቀረልን ምስል ትልቁ ክፍል በወራሪው እጅ የተነሳ ነው፤ በ1924 የተቋቋመው የጣሊያን መንግሥት የፊልም ተቋም ሉቼ ለዘመቻው የቀረጻ ባለሙያዎች አሰማርቶ ነበር፣ ክምችቱም ሮም ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ያ ፊልም በፕሮፓጋንዳ ዓይን የተነሳ ነው፤ ጭረት ቢኖረውም ባይኖረውም በጥርጣሬ ሊታይ ይገባዋል። ጭረቱን አይቶ ያመነ ተመልካች የካሜራውን ባለቤት መጠየቅ ይረሳል። ከዚህ የባሰው የዓድዋ ጉዳይ ነው። የሉሚዬር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ፊልም ለሕዝብ በክፍያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩት ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን በዚያው ዓመት። ጦርነቱን በተንቀሳቃሽ ምስል የቀረጸ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ የጦርነቱ ፊልም ነው ተብሎ የሚቀርብ ሁሉ የግድ የተፈጠረ ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1999 ባወጣው «ዓድዋ» ፊልሙ ታሪኩን በሥዕሎች፣ በዘፈንና በሰዎች ቃል ሲተርክ የጎደለውን ምስል በሐሰት አልሞላም፤ ለዚህም ነው ፊልሙ እስከ ዛሬ የሚታመነው።

ስለዚህ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ ሆናችሁ ስለ ታሪካችን ዘጋቢ ፊልም ለምትሠሩ ሁሉ የምጠይቀው ነገር አለ። ጦርነትን ወይም የዘውድ ሥነ ሥርዓትን በተዋናዮች ስትሠሩ፣ ብታስረጁትም ባታስረጁትም፣ በመጋረጃው ላይ የተተወነ መሆኑን ጻፉ። ከክምችት ያገኛችሁትን እውነተኛ ፊልም ማን እንዳነሳውና መቼ እንደተነሳ ግለጹ፤ በገዛ ጭረቱ ላይ ሌላ ጭረት አትጨምሩበት፤ ፍጥነቱንም አስተካክላችሁ አሳዩ። ማስረጀት ካስፈለጋችሁ ደግሞ መጀመሪያ ያ ፊልም ቢኖር ኖሮ በየትኛው ካሜራ ተነስቶ፣ በየት ተቀምጦ፣ በማን እጅ አልፎ ወደ እኛ ይደርስ እንደነበር አጥኑ፤ ከዚያ በኋላ ቧጭሩት።